የፍሳሽ ቅንጣት መጠን ልኬት፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴም ከኮምቦልቻም ያላችሁ ጠይቁ። ስለ ፈቃድና ስለ ጨረታ አልመልስም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ናሙናችሁን አትናጡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሻችንን ከማዝቀጫው ገንዳ በፊትና በኋላ በሌዘር ለካን። በቅንጣት ቁጥር ሲታይ ልዩነቱ እምብዛም ነው። ገንዳው አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምጣ! ባለ 100 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) አንድ ቅንጣት የአንድ ሚሊዮን ባለ 1 ማይክሮን ቅንጣቶችን ያህል ይዘት (ቮልዩም) አለው። ገንዳው ትልልቆቹን ሲያስቀር በይዘት ብዙ ነገር ወጥቷል፤ በቁጥር ግን ደቃቆቹ ስለሚያመዝኑ ምንም ያልተነካ ይመስላል። ሌዘሩም የሚሰጣችሁ የይዘት ሥርጭት ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ በስሌት ስለሚወጣ ትንሿ ስሕተት ትገዝፋለች። የመስመጥ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ይሄዳል፦ ዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ ሲሆን ፍጥነቱ አንድ መቶኛ ይሆናል። ስለዚህ ደቃቁ ታች ሳይደርስ ውሃው ከገንዳው ይወጣል፤ በአሉሚኒየም ሰልፌት ማሰባሰብ ያሻል። ሁለቱን ናሙናዎች በይዘት አወዳድሩ።

ጥያቄ፦ የትኛውን መሣሪያ እንግዛ?

መልስ፦ ምን ልትለኩ?

ጥያቄ፦ ናሙናው ቤተ ሙከራ እስኪደርስ ያድራል። በረዶ እናድርገው?

መልስ፦ በፍጹም! በ4 ዲግሪ አቆዩት፤ ቶሎም ለኩት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጥጥ የመሰለ ስብስብ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። በረዶም መናጥም እርሱን ይለውጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት የገንዳውን ውሃ አይደለም። ጠርሙሱን ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት እንጂ አትናጡት። ማቅጠን ካስፈለገ በተጣራው የራሱ ፍሳሽ አቅጥኑ።

አንድ አባል፦ ለነገሩ የቦርከናን ወንዝ የሚያደፈርሰው ከላይ ከደሴ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ነው፤ ፋብሪካ በከንቱ ይወቀሳል።

ሌላ አባል፦ በበጋስ የሚያደፈርሰው ማን ነው? በጥር ጎርፍ አለ እንዴ?

አንድ አባል፦ የከተማው ቆሻሻስ? እርሱንም ፋብሪካው ደፋው?

መልስ፦ ሁለታችሁም እየገመታችሁ ነው። ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች በአንድ ቀን ናሙና ውሰዱ። ያጣራችሁትን ጠጣር አድርቃችሁ መዝኑ፤ ከዚያ በ550 ዲግሪ አቃጥሉት። ኦርጋኒኩ (ከሕያው ነገር የመጣው) ይጠፋል፣ ጎርፍ የሚያመጣው አፈር ግን በአብዛኛው ይቀራል። ያኔ እንነጋገር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሣሪያውን አልነገሩንም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተም የምትለካውን አልነገርከኝም። ማይክሮስኮፕ ካላችሁ በእርሱ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ከክሎሪን በፊት መለካት ይጠቅማል?

መልስ፦ እጅግ! ባክቴሪያ በትልልቅ ቅንጣቶች ውስጥ ተጠልሎ ከክሎሪንም ከአልትራቫዮሌት ጨረርም ያመልጣል። ያ ውሃ ወንዝ ገብቶ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። የኮሊፎርም (የሰገራ ብክለት ጠቋሚ ባክቴሪያ) ምርመራም አብራችሁ አድርጉ። የቅንጣት ልኬቱን ጠርሙስ ግን ለይታችሁ ያዙ፤ እርሱ አይናጥም።