ሳፋ ላይ የሚሠራ ትንሽ ጫካ፦ ጥያቄና መልስ

የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ልጆች እየዳሰሱና እያሸተቱ የሚጫወቱበትን ትንሽ የተፈጥሮ ስፍራ ቤት ውስጥ ለመሥራት ያሰቡ ወላጆች የጠየቁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ግቢ የለንም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከሰፊ ዝርግ ሳፋ። ከሥሩ አሮጌ አንሶላ ያንጥፉ። ከዚያ ቄጠማ፣ ትልልቅ ድንጋዮች፣ የዛፍ ቅርፊት፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ይጨምሩ። ቅጠሉን ልጁ ራሱ በጣቱ አሽቶ ያሽትተው። የፕላስቲክ ሣር የሚገዙ ብዙ ናቸው፤ ለዓይን ያምራል፣ ለአፍንጫ ግን ምንም የለውም።

ጥያቄ፦ አፈር ከወንዝ ዳር ብወስድስ?

መልስ፦ ከቀበናም ከባንተይቅጡም አይውሰዱ፤ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። እኔ የቡና አተላ እመርጣለሁ። ከጀበናው የቀረውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው በደንብ ያድርቁት፤ እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚወስድ ሕፃን ግን አይሆንም፤ አተላው ውስጥ ካፌይን ይቀራል።

ጥያቄ፦ በአፈር ፋንታ ሽምብራና ቦሎቄ ላደርግ ነበር። እናቴ ግን እህል መጫወቻ አይሆንም ይላሉ።

መልስ፦ እኔም ከእናትዎ ጋር ነኝ። ነውርነቱን እንኳን ብንተወው፣ ሽምብራ ሕፃን ያንቃል፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥም ይገባል። ጥሬ ቦሎቄ ደግሞ ቢበላ ይመርዛል። ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው፣ ሶፍት ተጠቅልሎበት በነበረው የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሳፋው ይውጣ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ከመንገድ ዳር የሚለቅሟቸው ፍሬዎችስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ጉሎ በየባዶ ቦታውና በየወንዙ ዳር ይበቅላል። ፍሬው እንደ ዶቃ የሚያብረቀርቅ ዝንጉርጉር ነውና ልጅ አይቶ አያልፈውም፤ ቢያኝከው ግን ሊሞት ይችላል። አስተናግርም መርዛማ ነው፤ የእንዶድ ፍሬም እንዲሁ። ብዙዎችን የሚያስገርመው ጤና አዳም ነው። ቡና ውስጥ ስለምንጨምረው እናምነዋለን፤ ነገር ግን ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ስለዚህ ከማያውቁት ተክል ምንም አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ቀንድ አውጣ ብናስገባበት?

መልስ፦ ለአንድ ከሰዓት ይቻላል። እርጥብ ቅጠል ያድርጉለት፣ ሲመሽ ወደ ተገኘበት ይመልሱት፤ ልጁም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ኩሬስ?

መልስ፦ እርስዎ አጠገቡ ከሆኑ ብቻ። ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ሕፃን ያሰጥማል። ጨዋታው ሲያበቃ ወዲያው ይድፉት።

ጥያቄ፦ ስንት ደክሜ ያሳመርኩትን ልጄ ወዲያው በተነችው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መበተኑ እኮ ነው ጨዋታው! የተሳካ ጫካ ከሰጧት ለእሷ የሚሠራ ምን ቀረላት? በሚቀጥለው ጊዜ ሳፋውን ግማሽ ባዶ ይተዉት። ቅጠሉንና ድንጋዩን በዘንቢል ከጎኗ ያስቀምጡላት፤ ማንኪያና አሮጌ ወንፊትም ይስጧት። ዛፉን ዘቅዝቃ ብትተክለውም አያቅኑባት።