ባንክ ቤት ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች፦ ስለ ሰስፔንስ፣ ስለ ቀን እና ስለ ፊርማ

ልጆቼ፣ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ጨርሳችሁ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ ስትመደቡ በመጀመሪያው ሳምንት የምትሰሙት ጥያቄ «ካሹ ገጠመ ወይ?» የሚል ነው። መግጠሙ ደግ ነው። የባንክ የሂሳብ ሪፖርት የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ በቮልቱ (በብር ካዝናው) በኩል ሳይሆን ማንም በማይቆጥረው በኩል ነው።

የውስጥ ቁጥጥር ድክመት በጠፋው ብር አይለካም። ስህተት ቢፈጠር ሳይታይ ምን ያህል ሊያልፍ ይችል ነበር ተብሎ ነው የሚለካው። የ300 ብር ልዩነት አግኝቶ «ትንሽ ናት» ያለ ኮንትሮለር፣ ያቺ ያለፈችበት ቀዳዳ 3 ሚሊዮንም እንደሚያሳልፍ ዘንግቷል። ስለዚህ ኦዲተር ሲጠይቃችሁ «ኧረ ምንም አልጠፋም» ብላችሁ አትመልሱ፤ የተጠየቃችሁት ሌላ ነው።

ሰስፔንስ ሂሳብን (ቦታው እስኪለይ ገንዘብ ለጊዜው የሚመዘገብበትን) በባላንሱ አትመኑት። ባላንሱ 12,000 ብር ይላል፤ ውስጡ ግን 4,212,000 ዴቢትና 4,200,000 ክሬዲት ተፋጥጠው ሊሆን ይችላል። ተቻችለው የቀረው ትንሽ ስለሆነ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ያልተዘጉትን አንድ በአንድ አውጡ፣ በዕድሜ ክፈሏቸው፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 90፣ ከዚያ በላይ። ለእያንዳንዱ ቲኬቱን (የተመዘገበበትን ሰነድ) ፈልጉ። ያረጀውን ሪቨርስ አድርጎ (ምዝገባውን በተቃራኒው ሰርዞ) በዚያው ቀን እንደገና ማስገባት የሚባል ብልጠትም አለ፤ ዕድሜው ዜሮ ይሆናል፣ ሪፖርቱም ያምራል። አንድ ዓይነት መጠን በአንድ ቀን ወጥቶ ከገባ መጀመሪያ የተመዘገበው መቼ እንደሆነ ሳታዩ አትፈርሙ። የኤቲኤምና የኢንተር ብራንች (የቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ) ሂሳብም ከዚህ አይለይም።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስባችሁ ቀንን ነው። ውሉ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ ሲስተሙ የፈረንጁን ይቀበላል። አንድ የእነዋሪ ምስር ነጋዴ ብድሩን ጥር 10 ቀን 2018 ሊከፍል ፈረመ እንበል፤ ውሉ ላይ 10/5/2018 ተብሎ ሰፈረ። ይህ ቀን በፈረንጅ ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 ነው። መዝጋቢው ግን ዓመቱን ብቻ ቀይሮ 10/5/2026 ቢያስገባ ሲስተሙ ሜይ 10 ብሎ ይይዘዋል። ልዩነቱ 112 ቀን! በአይኤፍአርኤስ 9 (ብድርን በሦስት ደረጃ በሚከፍለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት መስፈርት) መክፈያው ከ30 ቀን በላይ ያለፈበት ብድር፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወርዳል፤ መጠባበቂያውም የ12 ወር መሆኑ ቀርቶ በቀሪ ዘመኑ ሁሉ በሚጠበቀው ኪሳራ ልክ ይያዛል። ከ90 ቀን ያለፈውም እንዲሁ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ ሦስተኛ ደረጃ (መክፈል እንዳቃተው የሚቆጠርበት) ይገባል። ነጋዴያችን ግን 112 ቀን ሳይከፍል ቢቀመጥም ሪፖርቱ ላይ አንድ ቀን ያላሳለፈ ጨዋ ተበዳሪ ነው። ቼከሩ (የተመዘገበውን አይቶ የሚያጸድቀው) ስክሪን ብቻ እያየ ካጸደቀ ይህን አያገኘውም። ውሉን በእጁ ይዞ ቀኑን ራሱ መቀየር አለበት። አሮጌውን ብድር በአዲስ ብድር መዝጋትም እንዲሁ የቀን ቆጠራውን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ገንዘቡ ከየት መጥቶ እንደተከፈለ ተከታተሉ።

የባንክ ሂሳብ ዓመት የሚዘጋው ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23 ነው፤ የመንግሥት በጀት ግን ሰኔ 30። በመካከል ያሉት ሰባት ቀናት ሰው ያደናግራሉ። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች እስከ ሰኔ 30 ሲሯሯጡ እናንተ አዲስ ዓመት ውስጥ ናችሁ። የሰኔ 15 የጄኔሬተር ነዳጅ ደረሰኝ ሐምሌ ላይ ቢመጣም ወጪው ያለፈው ዓመት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ያልተከፈሉ ወጪዎችን ዝርዝር ከግንቦት ጀምራችሁ ያዙ።

አራት አምስት ሠራተኛ ባለበት ቅርንጫፍ በገበያ ቀን ወረፋው በር ሲደርስ «ፓስወርድህን ስጠኝ፣ እኔ ላጽድቀው» መባሉ አይቀርም። እዚያች ላይ ሜከር (መዝጋቢው) እና ቼከር አንድ ሰው ሆኑ፤ ሲስተሙ ግን ሁለት ስም ይመዘግባል። ፈቃድ የወጣ ሰው ዩዘር በዚያ ቀን ሠርቶ እንደሆነ ከመገኘት መዝገብ ጋር አስተያዩ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ካነሰ ደግሞ የዕለቱን ቲኬቶች በማግስቱ ከሌላ ቅርንጫፍ ወይም ከዲስትሪክት የመጣ ሰው ይመልከት፤ ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ከባዶ ይሻላል።

የሲስተም ለውጥን የአይቲ ጉዳይ ነው ብላችሁ አትተዉት። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ካላቸው በላይ ሲያወጡ ባንኩ የገለጸው ምክንያት የሲስተም ማሻሻያ እንጂ የውጭ ጥቃት አልነበረም። ለውጥ በተደረገ ማግስት ጥቂት ሂሳቦችን መርጣችሁ ወለዱን በካልኩሌተር አስሉ።

ድክመት አግኝታችሁ ስትጽፉ «በሠራተኛ ቸልተኝነት» ብላችሁ አትዝጉት፤ ሰነፍ ምክንያት ነው። የትኛው ቁጥጥር እንዳልነበረ ወይም ኖሮ እንዳልሠራ ለዩ። ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል፦ አንዱ አሠራር መቀየር፣ ሌላው ያለውን ማሠራት ይፈልጋል። «ተስተካክሏል» ለማለትም አትቸኩሉ። በግንቦት የተጀመረ ወርኃዊ ማስታረቅ ሰኔ 23 ሲደርስ የሠራው ምናልባት አንድ ጊዜ ነው፤ በዚያ ብቻ መስተካከሉ አይታወቅም።