የቀረው ምሳ የማን ነው?

አንባቢ ይጠይቃል፣ መጋቢው ይመልሳል

ባለፈው እትም ስለ ጾም አጭር ነገር ጽፌ ነበር። የመጡት ደብዳቤዎች ግን ከግማሽ በላይ የሚጠይቁት ስለ ገንዘብ ነው። መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ ደብዳቤዎቹን ደግሜ ሳነብ ግን የጻፉልኝ ሰዎች ልክ ናቸው አልኩ። በጾምና በልግስና መካከል አጥር ያቆምነው እኛ ሰባኪዎች ነን። አምስቱን መርጬ እነሆ።

ጥያቄ፦ መጋቢ፣ ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ደመወዜ 1,200 ድርሃም ነው፤ 900ውን ለእናቴና ለሁለት ወንድሞቼ ትምህርት እልካለሁ። በስልኬ የምከታተላቸው አንድ አገልጋይ «ሃያ አንድ ቀን ጹሙ፤ በመጨረሻው ቀን የአንድ ወር ደመወዛችሁን ዘር አድርጋችሁ ላኩ፤ ዓመት ሳይሞላ በራችሁ ይከፈታል» ብለዋል። ጾሙን ጀምሬአለሁ። አምስት ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ገንዘቡን ባልልክ ደግሞ እምነት የጎደለኝ ይመስለኛል። ምን ላድርግ? (አንዲት እህት፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን አትላኪ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ንባብሽን ሳትጨርሺ ብትጠሪ እንኳን ይህችን ይዘሽ እንድትሄጂ ነው።

ጾሙንም አሁን ባለበት ሁኔታ አትቀጥይ። ልጅ አቅፋ ደረጃ የምትወጣና የምትወርድ፣ የጋለ ካውያ የምትይዝ ሴት እግሯ እየተንቀጠቀጠ መሥራት የለባትም። ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ካገኘሽ አንብቢው። ሕዝቡ «ጾምን፤ ለምን አላየህልንም?» ብሎ እግዚአብሔርን ይከሳል። መልሱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በምትጾሙበት ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ምዕራፍ ስንሰብክ ራሳችንን በጿሚዎቹ ቦታ እናስቀምጣለን። ነቢዩ ግን ከሠራተኞቹ ጎን ቆሞ ነው የሚናገረው። ያ ምዕራፍ ስላንቺ የተጻፈ ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

ስለ ገንዘቡ ልመለስ። ከ1,200 ድርሃም 900ውን ለእናትሽና ለወንድሞችሽ ትልኪያለሽ። በአስራት ስሌት ብናሰላው ሰባት አስራት ተኩል ነው! እኔ መጋቢው በሕይወቴ ይህን ያህል ሰጥቼ አላውቅም። ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ ጌታችን የሚገሥጻቸው ሰዎች ለአባትና ለእናት ሊውል የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ ወላጆቻቸውን ያስራቡ ነበር። እናትሽን አንድ ወር አስርቦ የሚመጣ በረከት ከዚያ የተለየ አይደለም።

«ዘር» የሚለው ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ አልክድም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ በልግስና የሚዘራ በልግስና ያጭዳል ይላል። ግን ያ ገንዘብ ወዴት ነበር የሚሄደው? በኢየሩሳሌም ለነበሩ ድሆች። ጳውሎስ ኪስ ውስጥ አንዲት ሳንቲም አልገባችም። እንዲያውም ሰው እንዳያማው ብሎ ገንዘቡን የሚያጅቡ ሌሎች ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ ይህም ምዕራፍ 8 ላይ ተጽፏል። እንግዲህ አገልጋዩን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ የምልከውን ገንዘብ የሚቆጥረው ማን ነው?

ይህን የምጽፍልሽ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ስናሠራ መድረክ ላይ ቆሜ «ቃል ግቡ!» እያልኩ ሕዝቡን ያሟሟቅሁበት እሑድ ነበር። ድምፄ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዲት ድንች የምትሸጥ እናት የወርቅ ቀለበቷን ከጣቷ አውጥታ ሰጠች። ምራቅ እየነካች ነበር ያወለቀችው፤ ጠቧት ነበር። እኔም በማይክሮፎን አመሰገንኳት፤ ጉባኤው እልል አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገበያ ስወርድ ቦታዋ ባዶ ነው። አጠገቧ የምትሸጠው ሴት «መነሻ አለቀባት፤ ሁልጊዜ እጥረት ሲመጣ በቀለበቷ ትበደር ነበር» አለችኝ። ቆርቆሮ ተመትቶበታል፤ ቀለበቱ አይመለስም። ሽማግሌዎቹ አዋጥተን የዋጋውን ያህል ይዘን ቤቷ ብንሄድ «ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን እናንተ ናችሁ የምትመልሱልኝ?» ብላ አሳፈረችን። እንድትቀበል ያግባቧት በኋላ የላክናቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ከመድረክ ቃል አይጠየቅም። ወረቀቱ በር ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ይሞላል።

መጾም ከወደድሽ የዕረፍት ቀን ባለሽ ጊዜ እስከ ምሳ ጹሚ። እሱም ካልተመቸሽ ይቅር። እናትሽ ስትደውል ግን ከእኔ ሰላም በይልኝ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስኳር ስላለብኝ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ረቡዕ የጾም ጸሎት አላት። ሁሉም ሲጾም ቁርሴን በልቼ መሄድ ያሳፍረኛል። አንዳንዱም «እመን እንጂ» ይለኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አባቴ፣ ቁርስዎን ይብሉ፤ መድኃኒትዎንም በሰዓቱ ይውሰዱ። ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ስኳርን እስከ ራስ መሳት እንደሚያወርድ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። በዚህ ጉዳይ ሐኪምዎ የሚሉትን እንጂ ጸሎት ቤት በር ላይ የሚወራውን አይስሙ። «እመን እንጂ» የሚለው ሰው ራስዎን ቢስቱ ሆስፒታል አብሮዎት አያድርም።

ግን አንድ የጾም ዓይነት ላሳይዎት። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የተጻፈ፣ የሄርማስ «እረኛው» የሚባል መጽሐፍ አለ፤ ጥንት ወደ ግዕዝም ተተርጉሟል። እዚያ ውስጥ ስለ ጾም የተሰጠው ምክር የሒሳብ ሥራ ይመስላል። በጾም ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቅመስ፤ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንን ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔና ባለቤቴ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጥን። ክዳኑን ልጃችን በቢላዋ ሰንጥቃዋለች፤ ስንጥቁ ጠማማ ስለሆነ ሳንቲም አያሳልፍም፣ የወረቀት ብር ግን ይገባል። ረቡዕ ሁለታችንም ምሳ አንበላም። ሰፈራችን ያለው ምግብ ቤት ለአንድ ሰው ምሳ 170 ብር ያስከፍላል፤ ስለዚህ 340 ብር ጣሳው ውስጥ ይገባል። ባለፈው ወር 1,360 ብር ሞላ። ባለቤቴ በደብተር ትጽፋለች፤ እኔን አታምነኝም፣ ልክም ናት። ብሩ መንገዳችን ላይ ለሚያድረው ዘበኛ ልጆች ደብተርና ጫማ ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ስጾም ያ ምሳ ወዴት ይሄድ እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ሌላ የትም አልሄደም፤ እራት ላይ እጥፍ አድርጌ እበላው ነበር።

እርስዎ ቁርስዎን በልተው፣ ምሳዎን በልተው፣ ሥጋ ሊገዙ ያሰቡበትን ቀን በሽሮ ቢያሳልፉና ልዩነቱን ለአንድ ሰው ቢያደርሱ ጾመዋል። ኢሳይያስ «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» ሲል ለመቍረስ እንጀራው መኖር አለበት።

ጥያቄ፦ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆኑ እናት ናቸው። ባለቤቴ ዐርብ ዕለት ሥጋ ስትጠብስ መስኮታቸውን በኃይል ይዘጋሉ። በወንጌል ነፃ ወጥተናል፤ ለምን እንሸማቀቃለን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፃነትህን አንድ ቀን ብታሳድረው አይበላሽም፤ ሥጋውም ማቀዝቀዣ ካለህ አይበላሽም። ቅዳሜ ጥበሱት። ጳውሎስ ሮሜ 14 ላይ መብል ሁሉ ንጹሕ ነው ካለ በኋላ ወንድምህን በመብል የምታሳዝን ከሆነ ግን በፍቅር አልሄድክም ይላል። አንተ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የያዝከው።

ደግሞ በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ የጎረቤትን ጾም «ሥርዓት ብቻ» ብሎ ማቃለል ልማድ ሆኗል፤ አልወደውም። እኒያ እናት በዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ይርቃሉ። እኛ ሦስት ቀን ስንጾም ፖስተር እናሳትማለን። ረቡዕና ዐርብንም ትናንት የመጣ ልማድ አታድርገው፤ ዲዳኬ የተባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ ሁለቱን ቀኖች በስም ይጠራል።

በሚመጣው ዐርብ ባለቤትህ ምስር ወጥ ትሥራና አንድ ሳህን ይዘህ በራቸውን አንኳኳ። በዘይት የተሠራ መሆኑን መናገር አትርሳ።

ጥያቄ፦ ደመወዜ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ ነው እጄ የሚገባው። አስራት የማወጣው ከጠቅላላው ነው ወይስ ከተጣራው? (የባንክ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያደግሁት ወላይታ ገጠር ነው። እናቴ አምስት ዶሮዎች ነበሯት። እንቁላል በለቀመች ቁጥር ትቆጥርና አሥረኛው ላይ በከሰል ምልክት ታደርግበታለች። ምልክት ያለበትን እንቁላል ማንም አይነካም፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳን። አንድ ቀን እኔ ቅርጫቱን ገፍቼ ሁለት እንቁላል ሰበርኩ። አንዱ ከሰል የተቀባው ነበር። በልጅነት ጮሌነቴ «በቃ፣ የእግዚአብሔሩ ተሰበረ» አልኳት። እናቴ ከሰሉን አንሥታ ሌላ ጤነኛ እንቁላል ላይ ምልክት አደረገችና «የተሰበረው የእኛ ነው» አለች። ከሰሉን ቦታው መልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

እሑድ እሑድ እነዚያ እንቁላሎች በኮባ ተጠቅልለው ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ብር ያለው ብር፣ የሌለው በቆሎ፣ ቅቤ፣ ቡና ያመጣል። ከአምልኮው በኋላ ዛፍ ሥር ጨረታ አለ። አንዱ ሽማግሌ አውራ ዶሮ ክንፉን ይዞ ከፍ ያደርግና «ማን ጨመረ?» ይላል። የእናቴን ሦስት እንቁላሎች አንዱ ገዝቶ መልሶ ለጨረታ ሲሰጥ፣ ሌላው ገዝቶ መልሶ ሲሰጥ፣ አራት ጊዜ ሲሸጡ አይቻለሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።

አዲስ ኪዳን ከጠቅላላው ወይም ከተጣራው ብሎ የቆረጠው ነገር የለም። «እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ» ነው የሚለው። ስለዚህ ከተጣራው ብትሰጥ ኃጢአት ነው አልልህም። እኔ ከጠቅላላው አወጣለሁ፤ ምክንያቱም ሒሳቡን ስጀምር ያ ከሰል ትዝ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዘዳግም 14 ላይ በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አስራት በከተማው ደጅ ተቀምጦ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ የሙት ልጁና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡበት ታዟል። የምትሰጥባት ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ዓመት ስንት መበለት እንዳጠገበች የመጠየቅ መብት አለህ። ጠይቅ። መጋቢህ ከተቆጣ ደግሞ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ ረቡዕ እጾማለሁ። ሰሞኑን ሥራዬ ወደ እናቴ ሰፈር ስለተዛወረ ረቡዕ ምሳ ሠርታ ትጠብቀኛለች። ጾም ላይ ነኝ ብላት «ከስተሃል» ብላ ታለቅሳለች። ዝም ብል «በሞቴ» እያለች ታጎርሰኛለች። ጾሜን ላፍርስ? (ወጣት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ጌታችን ስትጾም ፊትህን ታጠብ፣ ራስህን ተቀባ ያለው ጾምህ ለሰው እንዳይታይ ነው። እናት ፊት ግን መደበቅ አይቻልም፤ ገና በሩ ላይ ሳለህ ታውቅብሃለች። ስለዚህ ብላ። ጉርሻዋንም አትመልስ፤ ሁለተኛውንም። ሐሙስ ትጾማለህ።