ልጄ አልጋ ላይ እየተገለበጠች ነው፤ ልከልክላት?

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ። የጂምናስቲክ ውድድር በቴሌቪዥን ካየች ወዲህ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር አልጋ ላይ ወጥታ በአናቷ ትገለበጣለች። ጎረቤታችን እማማ «አንገቷ ይቀጫል፣ ከልክያት» ይሉኛል፤ እኔ ግን ፍላጎቷን ማጥፋት አልፈልግም። ቤት ውስጥ ያለ አደጋ ላስተምራት እችላለሁ?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እማማ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዕድሜ የልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ የአንገቱ ጡንቻ ደግሞ ገና ስላልጠነከረ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ አናቱ ላይ ካረፈ አንገቱ ይጎዳል። ሆኖም ወደ ፊት መንከባለል በትክክል ሲሠራ አናት ምንም ክብደት አይሸከምም፤ ክብደቱ ከእጅ ወደ ትከሻ ጀርባ፣ ከዚያም በጎበጠው ጀርባ በኩል ወደ እግር ያልፋል። ስለዚህ አይከልክሏት፤ ያስተምሯት።

በመጀመሪያ ከአልጋው ያውርዷት። ለስላሳ ነገር ሁሉ ከጉዳት የሚያድን ይመስለናል፤ ነገር ግን የሚሰምጥ ፍራሽ ጭንቅላትን ይዞ ስለሚያስቀር አንገትን ያጣምማል፣ ከአልጋ መውደቅም አለ። ጠንከር ያለ ስስ የስፖንጅ ፍራሽ ወለል ላይ ያንጥፉ፤ እግሯን ስትዘረጋ የሚነካት ጠረጴዛም ሆነ ግድግዳ በአቅራቢያዋ አይኑር። ማጅራቷ ላይ የታሰረ ጸጉር ይፈታ፣ ዶቃ፣ የጆሮ ጌጥና የአንገት ሐብል ይውለቅ፣ ካልሲም እንዲሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንከባለል የለም። ቁጭ ብላ ጉልበቶቿን ታቅፋ፣ ጀርባዋን አጉብጣ እስከ ትከሻዋ ድረስ ወደ ኋላ ትወዛወዝና ትመለስ። በዚህ ጊዜ የታጠፈ መሐረብ በአገጯና በደረቷ መካከል አጣብቃ እንድትይዝ ያድርጉ፤ መሐረቡ ከወደቀ አገጯ ተነሥቷል ማለት ነውና እንደገና ትጀምር። በአገጭ ላይ ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው፣ በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያየኋቸው አብዛኞቹ ስሕተቶች ከዚያ ስለሚጀምሩ ነው፤ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ቀና ይላል፣ ቀና ባለበት ቅጽበትም አናቱ ከፍራሹ ጋር ይጋጫል።

መሐረቡ መውደቁን ሲያቆም፣ ከፍራሹ አንድ ጫፍ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አስገብተው ትንሽ ቁልቁለት ያብጁለት፤ ቁልቁለቱ ግማሹን ሥራ ይሠራላታል። ከፍ ባለው በኩል ቁጢጥ ብላ መዳፎቿን በትከሻዋ ስፋት ፍራሹ ላይ ታሳርፍ፤ የገዛ ሆዷን እየተመለከተች መቀመጫዋን ወደ ላይ ታንሣ፣ ከዚያም በእግሯ ቀስ ብላ ትግፋ። እርስዎ በጎኗ ተንበርክከው አንድ እጅዎን ከጭንቅላቷ በስተኋላ ያድርጉ፤ በሌላው ታፋዋን ደግፈው ክብደቷን ወደ ላይ ያቅልሉላት። አንገቷን መጫንም ሆነ እግሯን ይዞ መገልበጥ ፈጽሞ አይገባም። ስትጨርስ «መጀመሪያ ፍራሹን የነካው ምንሽ ነው?» ብለው ይጠይቋት፤ «ጭንቅላቴ» ካለች ወደ መወዛወዙ ተመለሱ። በአንድ ጊዜ አራት አምስት ሙከራ ይበቃል፤ የደከመ ልጅ አገጩን ይረሳል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወላጆችም አንድ ነገር ይወቁልኝ፦ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የላይኞቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች መጋጠሚያ የላላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም አይቶ ሳይፈቅድ መንከባለል የለባቸውም። ማንኛውም ልጅ ወድቆ አንገቱን ካመመው፣ ወይም እጁና እግሩ ከደነዘዘው፣ ሳያነሡትና ሳያንቀሳቅሱት ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ።

ልጅዎ ወደ ፊት መንከባለሉን ከለመደች ወደ ኋላውን መሞከሯ አይቀርም። እሱን ግን ቤት ውስጥ አይፍቀዱላት፤ ወደ ኋላ ሲንከባለሉ ክንድ በበቂ ካልገፋ ክብደቱ በቀጥታ አንገት ላይ ስለሚወድቅ፣ ምንጣፍ ባለበት ቦታ በሠለጠነ አስተማሪ እጅ ትማረው።