ለመጻሕፍት መደርደሪያ የሚሆን ስፒከር፦ ከዋቱ በፊት ምን ይታያል?

ጥያቄ፦ 4 በ5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ የማዳምጥበት ስፒከር ልገዛ ነው። ያለኝ አምፕሊፋየር በ8 ኦም ለእያንዳንዱ ቻናል 50 ዋት ይሰጣል፤ ከጀርባው «ከ6 እስከ 16 ኦም» የሚል ጽሑፍ አለው። ስፒከሮቹ የሚቀመጡት ግድግዳ ተጠግቶ በቆመ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። እኔ የምቀመጠው 2.8 ሜትር ያህል ርቄ ነው። ሁለት ጥንድ መርጫለሁ። አንደኛው ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል)፣ 200 ዋት፣ 4 ኦም፣ 88 ዴሲቤል፣ ፖርቱ (የሳጥኑ የአየር ቀዳዳ) ከኋላ የሆነ ነው። ሁለተኛው ባለ 5.25 ኢንች፣ 80 ዋት፣ 8 ኦም፣ 86 ዴሲቤል፣ ፖርቱ ከፊት ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ትልቁን ብወስድ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ለእርስዎ አምፕሊፋየርና ለእርስዎ መደርደሪያ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ምክንያቱን ከነቁጥሩ ላስረዳዎት፤ ነገ ሌላ ጥንድ ቢያጋጥምዎትም በዚሁ መንገድ ሊመዝኑት ይችላሉ።

በስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ገዢን ከሁሉ በላይ ያሳስታል። 200 ዋት ማለት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለው የኃይል መጠን ነው፤ ምን ያህል እንደሚጮህ አይናገርም። ኃይሉን የሚልከው አምፕሊፋየሩ ስለሆነ 200 የሚል ስፒከር ስላገናኙ አምፕሊፋየርዎ 200 ዋት አይሆንም። ላዩ ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚል፣ ለአፍታ ብቻ የሚደረስበትን ኃይል አጋንኖ የሚያሳይ ቁጥር ካዩ ጨርሶ አይቁጠሩት፤ ለማወዳደር የሚያገለግለው በአርኤምኤስ ወይም «ያለማቋረጥ» ተብሎ የተሰጠው ብቻ ነው።

ድምፁ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚነግረን ሴንሲቲቪቲ የሚባለው በዴሲቤል የሚጻፈው ቁጥር ነው። ስፒከሩ 2.83 ቮልት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ይለካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፤ በ4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ያ ባለ 4 ኦም ስፒከር 88 የሚለውን ያገኘው እጥፍ ኃይል ጠጥቶ ነው፤ በ1 ዋት ሲሰላ 85 ዴሲቤል ነው። ከሁለተኛው 86 ያንሳል ማለት ነው። (መግለጫው «በ1 ዋት» ብሎ ከጻፈ ይህ ማስተካከያ አያስፈልግም፤ አንብበው ያረጋግጡ።)

86 ዴሲቤል ለእርስዎ ይበቃል ወይ? እናስላው። ኃይል በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይጨምራል፤ 50 ዋት ከ1 ዋት 17 ዴሲቤል ይበልጣል። 86 ሲደመር 17፣ በ1 ሜትር ላይ 103 ይሆናል። 2.8 ሜትር ሲርቁ ወደ 9 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ 94 ይቀራል። ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ሲሠሩ 3 ያህል ይመልሳሉ፤ ከክፍሉ ግድግዳዎች የሚመለሰው ድምፅም ጥቂት ይጨምራል። በጥቅሉ 97 ዴሲቤል ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። ቤት ውስጥ ጠንከር አድርገው ሲያዳምጡ አማካዩ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል ነው፤ የከበሮ ምት ደግሞ ከአማካዩ 15 እና ከዚያ በላይ ዴሲቤል ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ይበቃል። ሴንሲቲቪቲው 83 የሆነ ስፒከር ቢሆን ኖሮ ለተመሳሳይ ድምፅ 100 ዋት ያስፈልግዎት ነበር።

የኦሙ ጉዳይ ደግሞ የምርጫ ሳይሆን የደኅንነት ነው። ስፒከር ላይ የተጻፈው ኦም የስም ልክ ነው፤ ትክክለኛው ድምፁ እንደወፈረና እንደቀጠነ ይለያያል። በተለመደው መስፈርት መሠረት ዝቅተኛው ከስም ልኩ ከ80 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። 8 ኦም ከሆነ እስከ 6.4፣ 4 ኦም ከሆነ እስከ 3.2 ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። «ከ6 እስከ 16» የሚል አምፕሊፋየር 3.2 ኦም ሲገጥመው ከታሰበለት በላይ ከረንት ይስባል፤ ይግላል፤ ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ መከላከያው ይቆርጠዋል። መከላከያ ከሌለው ደግሞ ኃይሉን ወደ ስፒከሩ የሚልኩት ትራንዚስተሮች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

እስካሁን ያየነው አምፕሊፋየሩን ነው። የድምፁን ጥራት ይበልጥ የሚወስነው ግን መደርደሪያው ነው።

ከኋላ ፖርት ያለው ስፒከር በፖርቱ አየር ስለሚተነፍስ ከጀርባው ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ባለ 6.5 ኢንች ሳጥን ብዙ ጊዜ ከ28 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ የገመዱ ተርሚናል ሌላ 3 ወይም 4 ይወስዳል። 30 ሳንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ ይህ አይገባም፤ ቢገባም ፖርቱ ግድግዳው ላይ ይታፈናል። ሌላም ችግር አለ፦ ግድግዳ የተጠጋ ስፒከር ዝቅ ያለው ድምፁ በጉልህ ይጨምራል፤ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ሊደርስ ይችላል። ክፍል መሃል በስታንድ ላይ እንዲቆም ተብሎ የተሠራ ስፒከር መደርደሪያ ውስጥ ሲገባ ቤዙ ያብጣል፤ የወንድ ዘፋኝ ድምፅ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ስለዚህ ለእርስዎ የሚሆነው ፖርቱ ከፊት የሆነ ወይም ጨርሶ የታሸገ ሳጥን፣ ጥልቀቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ቤዙም ያልተጋነነ ነው። የታሸገው ሳጥን እንዲያውም ለመደርደሪያ ይመቻል፤ ቤዙ ሲወርድ በየኦክታቩ (ኸርዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) በ12 ዴሲቤል ቀስ ብሎ ስለሚወርድ የግድግዳው ጭማሪ ይደግፈዋል። ባለፖርቱ በ24 ዴሲቤል ቁልቁል ይወድቃል።

በመግለጫው ላይ «ከ45 ኸርዝ» የሚል፣ ስፒከሩ እስከ ምን ድረስ ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚያወጣ የሚነግር ቁጥር ካዩ ከጎኑ ያለውን ይፈልጉ። ±3 ዴሲቤል ከተባለ እውነተኛ ቁጥር ነው። -10 ዴሲቤል ከተባለ እዚያ ላይ የሚሰማዎት እጅግ ጥቂት ነው። ምንም ካልተባለ ቁጥሩን ይተዉት። የቤዝ ጊታር የመጨረሻዋ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ላይ ናት፤ እስከ 55 ኸርዝ በትክክል የሚወርድ ትንሽ ስፒከር ሙዚቃውን ብዙም ሳያጎድል ያሰማዎታል። ከትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ መካከል ሁለቱን እንጂ ሦስቱን በአንድ ላይ ማግኘት አይቻልም፤ ሦስቱንም አለኝ የሚል መግለጫ አንዱን ደብቋል።

ትንሽነት በራሱ የጥራት ጉድለት አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለስርጭት መኪኖቹ ያሠራው ኤልኤስ3/5ኤ የተባለ ስፒከር ዉፈሩ 11 ሳንቲ ሜትር፣ ሳጥኑ 5 ሊትር ገደማ ነበር፤ የሰውን ድምፅ በታማኝነት በማሰማቱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

በስፒከሩ በራሱ ውስጥ ጥራትን የሚለየው ዋናው ነገር ዉፈሩና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር የሚረካከቡበት ቦታ፣ ማለትም ክሮስኦቨሩ ነው። ባለ 6.5 ኢንች ኮን (የዉፈሩ የሚንቀሳቀስ ሾጣጣ ክፍል) ከ2,000 ኸርዝ በላይ ሲወጣ ድምፁን ወደ ፊት ብቻ እያጠበበ ይሄዳል። አምራቹ ትዊተሩን ርካሽ አድርጎ እስከ 3,500 ኸርዝ ዉፈሩን ካሠራው ፊት ለፊት ለተቀመጠ ጥሩ ሆኖ ወደ ጎን ለሄደ ሰው ድምፁ ይጎድላል፤ ከግድግዳ የሚመለሰውም የተዛባ ይሆናል። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በመጋረጃ በተሸፈኑ ስፒከሮች ያካሄዳቸው የማዳመጥ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ አብዛኛው አድማጭ የሚመርጠው ፊት ለፊት ለጥ ያለ (ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል የሚያሰማ)፣ ወደ ጎንም ሲሄድ ሳይንገጫገጭ የሚቀንስ ድምፅ ነው። ዛሬ ይህ ሲቲኤ-2034 በሚባለው መስፈርት ስፒከሩን በየ10 ዲግሪው እያዞሩ በ70 ልኬቶች ይመዘናል። የሚገዙት ሞዴል በዚህ መንገድ የተለካ ግራፍ ካለው ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይመኑት። ትዊተሩ ከሐር ይሁን ከአሉሚኒየም አይጨነቁ፤ ከሁለቱም ጥሩም መጥፎም ይሠራል።

ግራፍ ከሌለ ጆሮዎን ይጠቀሙ፤ ግን በሥርዓት። ከሁለት ስፒከሮች በ1 ዴሲቤል እንኳ የሚበልጠው «የተሻለ» ሆኖ ይሰማል። በስልክዎ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ይክፈቱ፤ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ወጥ የሹሹታ ድምፅ ያጫውቱ፤ ከሚቀመጡበት ቦታ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ በቮሊዩም ያስተካክሉ። ከዚያ የሚያውቁትን ሰው የንግግር ቅጂ ያሰሙ። ሰ፣ ሸ እና ጸ የሚሉት ድምፆች ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ላይኛው ክፍል ተጋኗል። የሰውዬው ድምፅ ያላግባብ የወፈረ ከሆነ ሳጥኑ ራሱ እየጮኸ ነው። ቀጥሎ ቤዝ ጊታር ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወርድበት ዘፈን ይምረጡ፤ አንዷ ኖታ ብቻ ከጓደኞቿ ተለይታ ከዘለለች ወይ ፖርቱ ወይ ክፍሉ እየተቆጣ ነው። ሲያዳምጡ ትዊተሩ ከጆሮዎ እኩል ይሁን፤ ቆመው ዝቅ ያለ ስፒከር ቢያዳምጡ ፍርድዎ ይሳሳታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሡ። በመጀመሪያው ደቂቃ «ጥርት ብሎ» የሚያስደንቅ ስፒከር ብዙ ጊዜ በሃያኛው ደቂቃ ያደክማል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የዉፈሩን ጠርዝ ይዩ። ስፖንጅ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ ጎማ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች ከግራና ከቀኝ እኩል በቀስታ ይጫኑ፤ የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ተዛብቷል። መልቲሜትር በኦም ላይ አድርገው ተርሚናሉን ሲለኩ ባለ 8 ኦሙ ከ5.5 እስከ 7 ሊያሳይ ይገባል፤ ሁለቱም ስፒከሮች መቀራረብ አለባቸው። ግን ይህ ልኬት ስለ ትዊተሩ ምንም አይነግርዎትም፤ በፊቱ ያለው ካፓሲተር የመልቲሜትሩን ከረንት ያግደዋል። ትዊተሩን ለማረጋገጥ ሙዚቃ እየተጫወተ ጆሮዎን ያቅርቡለት።

አሁን ወደ መትከሉ። ገመዱ ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ርካሽ ቢሆንም ኦሙ ከፍ ይላል። እስከ 6 ሜትር ላለ ርቀት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ 2.5 ይጠቀሙ። አምፕሊፋየሩን ያጥፉ፤ የሽቦውን ጫፍ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይላጡ፤ ጠምዝዘው ያስገቡ። አንዲት ክር እንኳ የጎረቤቱን ተርሚናል ከነካች አምፕሊፋየሩን ሾርት ታደርጋለች። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይሂድ። በአንዱ ብቻ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፤ ዘፋኙም መሃል ላይ መቆሙን ትቶ በየአቅጣጫው የተበተነ ይመስላል። የሽቦው ቀለም ካልተለየ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ በኩል ይንቀሉና የ1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ያስነኩት፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ቀዩ የሚሄደውን ሽቦ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ስፒከሮቹን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ አድርገው ያስቀምጡ። ወደ ውስጥ ከገቡ የመደርደሪያው ጣውላ ድምፁን እያነጠረ ያደፈርሰዋል። በሁለቱ መካከል ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ይሁን፤ ትንሽ ወደ እርስዎ ያዙሯቸው። ከሥራቸው አራት የጎማ እግር ያድርጉ። ባዶውን ጎን በመጻሕፍት ይሙሉት፤ ነገር ግን ሳጥኑን አይንኩት። ተቀምጠው ጆሮዎ ከ90 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚሆን ትዊተሩ እዚያ አካባቢ ይሁን፤ መደርደሪያው ከፍ ካለ ስፒከሩን ገልብጠው ትዊተሩን ወደ ታች ማድረግ ይችላሉ፣ ምንም አይጎዳም። በጎኑ ማስተኛት ግን ሶፋው ላይ በተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ድምፁን ይለዋውጠዋል፤ አያድርጉት።

ከተከሉት በኋላ ቤዙ ከወፈረብዎት አምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የቤዝ ቁልፍ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ይቀንሱ፤ ካልረካዎት ለስላሳ ስፖንጅ ፖርቱ ውስጥ ላላ አድርገው ይክተቱ። ድምፅ ሲጨምሩ መሻከር ከጀመረ ወዲያው ዝቅ ያድርጉ፤ ያ አምፕሊፋየሩ ጫፍ ላይ መድረሱ ነው፤ ስፒከሩ 80 ዋት ቢችልም መጀመሪያ የሚቃጠለው ትዊተሩ ነው። ቤዙ ካነሰብዎት ደግሞ ስፒከሩን አይቀይሩት። 80 ኸርዝ ላይ የሚረከብ ትንሽ ሰብዉፈር (ዝቅ ያለውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) በኋላ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩ የሰብዉፈር መውጫ ወይም «ፕሪ አውት» (ድምፁ ከመጎላቱ በፊት የሚወጣበት) እንዳለው ከአሁኑ ከጀርባው ይመልከቱ።