ሐሞት ከረጢታቸው ከወጣ በኋላ ዐይናቸው ቢጫ ሆነ፤ እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ እናቴ 48 ዓመታቸው ነው። በጠጠር ምክንያት ሐሞት ከረጢታቸው በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ከወጣ ዛሬ 8ኛ ቀኑ ነው። ቤት ከገቡ ጀምሮ ሆዳቸው ይነፋል፣ ምግብም አይወስዱም። ከትናንት ወዲህ ዐይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሽንታቸውም ጠቁሯል። ዘመድ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ የባህል መድኃኒት አምጥቷል። ቀዶ ሕክምናው የተሠራበት ሆስፒታል ደግሞ «ይሻላቸዋል፣ ጠብቁ» ብሎናል። እስከ መቼ እንጠብቅ? (ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖሩ አንባቢ)

መልስ፦ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ይዘዋቸው ይመለሱ። በላፓሮስኮፒ ሐሞት ከረጢቱ የወጣለት ሰው ከቀን ወደ ቀን እየተሻለው መሄድ አለበት። ከትናንቱ ዛሬ ከባሰበት ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የሐሞት ቱቦ ጉዳት አለ ብለን ነው የምንነሳው። የመጣውንም መድኃኒት አይስጧቸው። ጉበታቸው ላይ ጫና ከመጨመሩም በላይ ቀን ያስበላል።

ከጉበት ሐሞት ይዞ ወደ አንጀት የሚወርደው ዋናው ቱቦ ቀጭን ነው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከረጢቱ በሌላ አጭር ቱቦ ከእሱ ጋር ይገናኛል፤ መታሰርና መቆረጥ ያለበት ይህ አጭሩ ብቻ ነው። አካባቢው ቆስሎና ተጣብቆ ከረጢቱ ሲሳብ ግን ዋናው ቱቦ የከረጢቱ ቱቦ መስሎ ይታያል። በስህተት በክሊፕ ከታሰረ ሐሞት መውረጃ ያጣል፤ ዐይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። ከተቆረጠ ወይም በሙቀት ከተቃጠለ ደግሞ ሐሞት ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። የተቃጠለው ቦታ ከቀናት በኋላ ሊከፈት ስለሚችል ታካሚው ደህና ሆኖ ወጥቶ ቤቱ ሊታመም ይችላል። ሐሞት ሆድ ውስጥ ሲፈስ ዐይን ብዙም ቢጫ ላይሆን ይችላል፤ የሆድ መነፋት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ትኩሳት ብቻ ሆኖ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

ሆስፒታሉ ዛሬ የሚሠራው ቢሊሩቢን (ዐይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም) እና አልካላይን ፎስፋቴዝ (ሐሞት መውረጃ ሲያጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) ያለበት የጉበት ምርመራ፣ የነጭ ደም ሴል፣ የኩላሊትና የደም መርጋት ምርመራ፣ ከዚያም አልትራሳውንድ ነው። ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም የሰፋ ቱቦ ከታየ፣ ወይም ቢሊሩቢን እየጨመረ ከሆነ፣ የዚያኑ ቀን ሪፈር ይጠይቁ። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርሲፒ (የሐሞት ቱቦዎችን የሚያሳይ የኤምአርአይ ምርመራ) እዚያ ከሌለ እሱን ፍለጋ ከተማ ለከተማ አይዙሩ፤ የሚቀበለው ሆስፒታል ያነሳዋል። ሪፈር መጠየቅ ቀዶ ሐኪሙን መክሰስ አይደለም። ይህ ጉዳት ልምድ ባለው እጅም ይደርሳል፤ ቶሎ አሳልፎ መስጠት የጥሩ ሐኪም ሥራ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ «እዚሁ ከፍተን እናስተካክለው» ከተባለ፣ የጉበትና ሐሞት ቱቦ ቀዶ ሐኪም እዚያ እንዳለ ይጠይቁ። ከሌለ አይስማሙ። የመጀመሪያው ጥገና ከሁሉም የተሻለው ዕድል ነው፤ ከከሸፈ ጤነኛው ቱቦ ያጥራል፣ ጠባሳም ይበዛል፣ ቀጣዩ ጥገና ይከብዳል። ልዩ ሐኪም በሌለበት የሚፈቀደው የተጠራቀመውን ሐሞት በድሬን (ፈሳሽ ከሆድ ወደ ውጭ በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ማውጣትና ኢንፌክሽኑን ማከም ነው።

ቶሎ ሪፈር ማለት ቶሎ ቀዶ ሕክምና ማለትም አይደለም። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ታውቆ ኢንፌክሽን ከሌለ ልዩ ሐኪሙ ወዲያው ሊጠግነው ይችላል። በ8ኛው ቀን ግን ሕብረ ሕዋሱ ስለሚያብጥና ስለሚሳሳ ስፌት አይዝም። ስለዚህ ድሬን ይገባል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ የቱቦው ካርታ በኤምአርሲፒ ይነሳል፣ ምግብ ይስተካከላል፤ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከ6 ሳምንት በኋላ ይደረጋል። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፋል። ፍሳሹ ከአጭሩ ቱቦ ጉቶ ብቻ ከሆነ በአፍ በሚገባ መሣሪያ፣ በኢአርሲፒ፣ ስቴንት (ሐሞት እንዲያልፍ ቱቦው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቱቦ) ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስቴንቱ የሚወጣበትን ቀን በወረቀት ይቀበሉ። የፕላስቲክ ስቴንት በ3 ወር ገደማ ይደፈናል፤ ተረስቶ የቀረ ስቴንት ሌላ በሽታ ያመጣል።

ከመንገዳችሁ በፊት የሆስፒታሉ ሊያዞን (ሪፈር የሚያስተባብረው ክፍል) ደውሎ አልጋ ያረጋግጥ። የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ማስታወሻ ኮፒ፣ ቪዲዮ ካለ ቅጂውን፣ ቀን የተጻፈባቸውን የላቦራቶሪ ውጤቶች ሁሉና የአልትራሳውንዱን ሪፖርት ይያዙ። ድሬን ካላቸው በየ24 ሰዓቱ የወጣውን በሚሊ ሊትር ከነቀለሙ ይጻፉ፤ ጉበት በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ሐሞት ስለሚያመነጭ የፈሰሰው በግሉኮስ ሳይሆን ጨው ባለው ፈሳሽ መተካት አለበት። ድሬኑን ማንም በመንገድ ላይ እንዳይነቅለው። ትኩሳታቸው ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው ወይም ግራ ከተጋቡ የደም ሥር አንቲባዮቲክ ሳይጀመር መንገድ አይጀምሩ፤ የሚሄዱትም በአምቡላንስ ከነርስ ጋር ይሁን።

ከጥገና በኋላም ቱቦው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊጠብ ይችላል። በየ3 ወሩ፣ ኋላም በየ6 ወሩ የጉበት ምርመራ ያሠሩ። አልካላይን ፎስፋቴዝ ዐይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት ከፍ ይላል፤ እሱ ከጨመረ ወይም ብርድ ያለው ትኩሳት ከተመላለሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደጠገናቸው ሐኪም ይመለሱ።