መስታወት ላይ አልያዝ ያለው ሞሊብደነም

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለሶላር ሴል የኋላ ንብርብር እንዲሆን መስታወት ላይ ሞሊብደነም የተባለውን ብረት በስፓተሪንግ (ታርጌት የሚባለውን የብረት ሰሌዳ በአርጎን ጋዝ አየኖች እየመቱ አቶሞቹን በማስፈንጠር) እየለበጥኩ ነው። የአርጎኑ ግፊት 0.3 ፓስካል ሲሆን ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ ኤሌክትሪክም በደንብ ያስተላልፋል፤ ግን ከቫኪዩም ቻምበሩ በወጣ ማግስት ተጨማዶ ይላቀቃል። 1.5 ፓስካል ላይ ደግሞ በቴፕ ብጎትተውም አይነሳም፣ ሆኖም ደብዛዛ ነው፣ ሬዚስታንሱም ከፍ ይላል። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። መስታወቱን ባሞቀው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መሣሪያሽ ጤነኛ ነው። ሁለቱም ከሞሊብደነም የሚጠበቁ ናቸው።

ዋናው ነገር አቶሞቹ መስታወቱ ላይ የሚደርሱበት ጉልበት ነው። በ0.3 ፓስካል አንድ የአርጎን አቶም ከሌላው ጋር ሳይጋጭ በአማካይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በ1.5 ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ግፊቱ ዝቅ ሲል ሞሊብደነሙ ጉልበቱን ብዙም ሳያባክን ይደርሳል፣ በዚያ ላይ ሞሊብደነም ከአርጎን በጣም ስለሚከብድ ከታርጌቱ ነጥረው የሚመለሱ የአርጎን አቶሞች ሽፋኑን እንደ አንጥረኛ መዶሻ ይቀጠቅጡታል። ጥቅጥቅ ይላል፣ ግን ወደ ጎን ሊለጠጥ የሚፈልግ ውጥረት ውስጡ ይቀራል። መጨማደዱ ከዚያ ነው። ግፊቱ ሲጨምር አቶሞቹ ተጋጭተው፣ ደክመው፣ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ በመካከላቸው ክፍተት ያለባቸው ቀጫጭን አምዶች ይሠራሉ። ውጥረቱ ይላላል፣ በክፍተቱ ግን ኦክስጅን ይገባል፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል።

ሙቀቱ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። ተመራማሪው ጆን ቶርንተን ስለ ስፓተሪንግ ሽፋኖች አወቃቀር በ1974 ያሳተመው ታዋቂ ሥዕላዊ መግለጫ እንደሚያሳየው ወሳኙ የመስታወቱ ሙቀት በኬልቪን ከብረቱ መቅለጫ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። ሞሊብደነም የሚቀልጠው በ2623 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መስታወትሽን 400 ብታደርሺው እንኳ ሩቡን አይሞላም፣ ስለዚህ ሽፋኑን ብዙም አይለውጠውም፤ ተራ መስታወት ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መለስለስ ይጀምራል።

ሁለቱን ግፊት አንድ ላይ ተጠቀሚባቸው። መጀመሪያ በ1.5 ፓስካል 100 ናኖሜትር ያህል ለብጪ፣ ከዚያ ቫኪዩሙን ሳትከፍቺ ወደ 0.3 አውርደሽ ቀሪውን ጨርሺ። የታችኛው ይይዝልሻል፣ የላይኛው ያስተላልፍልሻል። የሲአይጂኤስ (ከመዳብ፣ ኢንዲየም፣ ጋሊየምና ሴሊኒየም የሚሠራ) ሶላር ሴል ሠሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አሁንም ከተላቀቀ የላይኛውን ወደ 0.5 ከፍ አድርጊው ወይም ውፍረቱን ቀንሺው፣ ምክንያቱም ውፍረት ሲጨምር የሚገነጥለው ኃይልም አብሮ ይጨምራል። የመስታወቱ ንጽህናማ ግድ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ከታርጌቱ እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት በመዝገብሽ ላይ ጻፊ። ብዙ ሰው ግፊቱን ብቻ ይጽፍና ያልፋል፣ በኋላ ሌላ ቻምበር ላይ ያው 0.3 ፓስካል ሌላ ውጤት ሲሰጥ ግራ ይገባዋል፤ የግጭቱን ብዛት የሚወስኑት ግን ግፊቱና ርቀቱ ተባዝተው ነው።